በየአራተኛው ገበያ የሚቀየር ዘይት

እኔ መመሪያ የማነብ ሰው ነኝ። መድኃኒት ከገዛሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘውን ያችን ቀጭን ወረቀት ዘርግቼ ሳላነብ አንዲት ፍሬ አልውጥም። የልብስ ሳሙና ጀርባ አነባለሁ። የክብሪት ካርቶን አነባለሁ። ቆቦ ውስጥ እንደኔ ያለ ሌላ ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ሰዉ ያልገባውን ወረቀት ሁሉ ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ የውሃ ፓምፕ መመሪያ፣ የዐረብ አገር ቪዛ፣ የተባይ ማጥፊያ ጣሳ። አንድ ጊዜማ ከጎብዬ የመጣ ገበሬ የከብት መድኃኒት ጠርሙስ ከኪሱ አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እስቲ እየው፤ ለሰው አይሆንም ይላል?» አለኝ። አይሆንም ይላል አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ታዲያ እኔን ለምን ተሻለኝ?» ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ።

ይህን የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የመኩራራቱን ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ዳፋው የተረፈው ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው።

ከቆቦ ወደ ሮቢት ስትወጡ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ግራሩ ሥር መኪና ከላይ ቆሞ ሰው ከሥር የሚገባበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የሽማግሌው ጋራዥ ማለት ይኼው ነው። አጥር የለው፣ ሰሌዳ የለው፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ የለው። ሽማግሌው ሙያውን የለመዱት በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው፤ የምስክር ወረቀት የሰጣቸው የለም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። አባቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑን ሳይለቁ የተቀመጡ እስላም እሳቸው ናቸው። ያላቸው ሀብት አንድ ነበር፤ ስማቸው። በዚህ በኛ ቆላ መኪና የሚሸጥ ሰው ስለ ጎማውም ስለ ቀለሙም ከለፈለፈ በኋላ፣ ገዢው አሁንም ካመነታ፣ «ዘይቷን ሲቀይሩ የኖሩት እኮ እሳቸው ናቸው» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ታዲያ ሽማግሌው ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አይጠይቁም። የሚቆጥሩት ገበያ ነው። ትልቁ ገበያ በሳምንት አንዴ ነው የሚውለው፤ ሚኒባስ በየአራተኛው ገበያ የሞተር ዘይቱን ይቀይራል። ማሽላው ተሰብስቦ አቧራው ሲነሣ፣ ጭነት ሲበዛ፣ በየሦስተኛው። አለቀ። የእያንዳንዱን መኪና ገበያ በቃላቸው ይይዛሉ። ሹፌሩ ከረሳ መናኸሪያ ድረስ መጥተው መስኮቱን ያንኳኩና፣ «አንተ! አምስተኛው ገበያ ሊውልብህ ነው፣ አትፈራም?» ይሉታል። ለራዲያተር ደግሞ የጉድጓድ ውሃ አያስነኩም። የኛ አገር የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ እሳቸው ክረምት ላይ ከጣሪያቸው የወረደውን የዝናብ ውሃ በነጠላ አጥልለው በጀሪካን ያስቀምጣሉ። ሹፌሮቹ «የራዲያተር ዘምዘም» ይሉታል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን ውሃውን አይቀይሩም።

ታላቅ ወንድሜ በሚኒባስ ከቆቦ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወልዲያ ይመላለሳል። መንገዱ ሲፈቅድ ወደ ዋጃና አላማጣም ይወጣል። መኪናዋ የቤቱ ምሰሶ ናት፤ አራት ልጆች የሚማሩት በእሷ ነው። አንድ ቅዳሜ ጋቢና ተቀምጬ ሳለ የፊት ለፊቱን መሳቢያ ብከፍት መመሪያ መጽሐፏ ከነላስቲኩ ተኝቷል። ላስቲኩ አልተቀደደም! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የተሰደብኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍ አንድም ቀን ከፍተኸው አታውቅም?» አልኩት።

«ምን ያደርግልኛል? ሽማግሌው አሉ።»

መጽሐፉን ወሰድኩት። ቤቴ ገብቼ ላስቲኩን በምላጭ ቀደድኩ፤ መነጽሬን አደረግኩ። መሀል ላይ አንድ የሚያምር ሠንጠረዥ አገኘሁ። የሞተር ዘይት፣ በየአስር ሺህ ኪሎ ሜትሩ። ጥርት ያለ ነገር። ወንድሜ በቀን ስንት ምልልስ እንደሚያደርግ ስለማውቅ አሰላሁት፤ አራት ገበያ ማለት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ገና ግማሽ ዕድሜ የቀረውን ዘይት ሲደፋ ኖሯል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። መጽሐፉን ዘጋሁና ተነሣሁ። ልብ በሉልኝ፣ ሠንጠረዡን አይቼ መጽሐፉን ዘጋሁ።

በማግስቱ ወንድሜ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ ደረስኩበት፤ አራተኛው ገበያ ሞልቶ ነበር። አምስት ስድስት ሹፌሮች የግራሩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሌላ ጤነኛ ሰው ቢሆን ወንድሙን ለብቻው ገለል አድርጎ ይነግረዋል። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ሰው ተሰብስቦ ተቀምጦ ካየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አባባ፣ ይህን ዘይት ለምንድን ነው የሚያፈሱት?» አልኳቸው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብዬ።

«አራት ገበያ ሞላው» አሉኝ ከሥር።

«ሞተር ገበያ ይወጣል እንዴ?»

ሹፌሮቹ ሳቁ። ሳቃቸው ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡና መጽሐፉን አዩት። «ምን ይላል ቲቸር?» አሉኝ፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

«አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። እርስዎ በግማሹ ነው የሚደፉት።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ፋብሪካው አገር ነዋ!»

«እዚያ አገር እንዲህ ያለ አቧራ አለ?»

«አባባ፣ መኪናዋን የሠሯት እነሱ ናቸው። እርስዎ ከሠሪው ይበልጥ ሊያውቁ ነው?»

«አስተግፊሩላህ፣ እሱንስ አላልኩም» አሉ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ቤቴ ሄጄ ምሳዬን ብበላ ምን ነበረበት? ግን ሹፌሮቹ ጥርሳቸውን እንደ ገለጡ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። ፊቴን ወደ እነሱ መልሼ፣ «ለነገሩ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ማን እንደሚጠቀም የታወቀ ነው» አልኩ። ለሳቅ ነበር ያልኩት። አንድም ሰው አልሳቀም። ሽማግሌው ጨርቁን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

ወደ ጉድጓዱ ተመልሰው ብሎኑን አጠበቁ። ፊልትሮውን ቀየሩ። ከላይ አዲስ ዘይት ከታሸገ ጀሪካን ከፍተው፣ እኛው ፊት ሞሉ። ከዚያ ወንድሜን፣ «ከእንግዲህ መቼ እንደምትመጣ ቲቸር ይነግርሃል። እኔ በአራተኛው ገበያ ባይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ካልመጣህም አላህ ይጠብቅህ» አሉት።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ነገር፣ ምን አለፋችሁ፣ መናኸሪያው በር ላይ ያለው ሻይ ቤት ቢሮዬ ሆነ። ሹፌሩ ሁሉ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል። መጽሐፍ የሌለው በስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ ይመጣል። አንዱ የፍሪጅ መመሪያ አምጥቶልኝ፣ ይህ የመኪናህ አይደለም ስለው፣ «ያው ከዚያው አገር አይደል እንዴ የመጣው?» አለኝ። እኔ ስለ ካምቢዮ ዘይት እናገራለሁ፤ ስለ ፍሬን ዘይት እናገራለሁ፤ ቆርኪ ፈትቼ የማላውቅ ሰውዬ ስለ ዲፈረንሻል አስተምራለሁ። «ፋብሪካው እንደሚለው» ብዬ ካልጀመርኩ ዐረፍተ ነገር አይመጣልኝም ነበር። ባለቤቴ እንኳ ወጥ ጨው ሲበዛበት፣ «ፋብሪካው ምን ይላል?» እያለች ታላግጥብኝ ጀመር።

ግራሩ ሥር የሚቆመው መኪና ግን እያነሰ ሄደ። ሽማግሌው መናኸሪያ እየመጡ መስኮት ማንኳኳቱን ተዉት። አንድ ሁለቴ በዚያ ሳልፍ ባዶ ጉድጓዳቸው አፋፍ ላይ ተቀምጠው መፍቻዎቻቸውን በናፍጣ ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ፤ የታጠቡትን መፍቻዎች። ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ። እኔም ልክ የሚገባኝ ይመስል እጄን ሰጥቼ አልፋለሁ።

አራተኛው ገበያ አለፈ፤ አምስተኛውም አለፈ። ወንድሜ ደስ ብሎታል። በስድስተኛው ላይ፣ «መኪናዋ ዳገት ላይ ትንሽ ከበድ ብሏታል መሰለኝ» አለኝ። «መጽሐፉ ገና ነው ይላል» አልኩት። በሰባተኛው ገበያ ማግስት የሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። «ና» አለኝ።

ከሮቢት አለፍ ብሎ፣ ጎብዬ ሳይደርስ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ተሳፋሪው በሌላ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል፤ አንዲት አሮጊት ብቻ የሽንኩርት ጆንያቸውን አቅፈው ውስጥ ቀርተዋል። «እስከ ወልዲያ ነው የተሳፈርኩት፤ አልወርድም» ይላሉ። ወንድሜ እንደ ነገረኝ መጀመሪያ ጠጠር የገባበት ጣሳ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የዘይቱ መብራት በራ፤ ቀጥሎ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ተቆለፈ። እንደዚያ ሆኖ ፊቱን ያየሁት አባታችን የሞተ ቀን ብቻ ነው። «የልጆቼ እንጀራ ነው እኮ» አለኝ። አሮጊቷን ለምነን አወረድናቸው፤ መኪናዋን በሲኖ ትራክ አስጎትተን ወልዲያ አንድ ጋራዥ አስገባን።

የጋራዡ ሰው ሞተሩን ሲከፍት ውስጡ እንደ ሬንጅ የረጋ ጥቁር ነገር ተጋግሯል። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ዛቀና ለወንድሜ አሳየው። የሞተሩን ዘንግ የሚሸከሙት ብሮንዚኖች ተበልተው አልቀዋል።

«ይህን ዘይት ማን ነው የቀየረልህ?» አለው።

ወንድሜ ማን እንደሆኑ ነገረው።

«በቃ፣ እሱ ነው ጉድ የሠራህ። አሮጌ ዘይት አጣርቶ ነው የሞላብህ። አዲስ ዘይት እንዲህ አይሆንም።»

አያችሁ፣ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። ማን ብሎ ብቻ ነው የጠየቀው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አዲሱ ዘይት ከታሸገ ጀሪካን ሲቀዳ በዓይኔ በብሌኑ ያየሁ ሰው ነኝ። ወንድሜም አይቷል። ግን ንዴት የሰው ዓይን ይጋርዳል፤ በዚያ ላይ፣ ማን እንደሚጠቀም የታወቀ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺ ቃሌ ወንድሜ ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ ኖሮ ያን ቀን ተነሣች። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ብለኸኝ ነበር እኮ!» አለኝ።

ወንድሜ ቆቦ ሲደርስ መጀመሪያ የገባው መናኸሪያ ነው። «ሌባ ሽማግሌ! የአባቴ ወዳጅ ነኝ እያለ አሮጌ ዘይት ሞልቶ ገደለኝ!» እያለ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ዋጃ ደርሶ ነበር። አንዳንዱ የራሱንም መኪና ሕመም ያስታውስ ጀመር፤ ከስንት ዓመት በፊት የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ሳይቀር ሽማግሌው ላይ ተላከከ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጽሐፉን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የፈለግኩት ራሴን የማጽናናበት መስመር ነበር፤ ያን የሚያምር ሠንጠረዥ ደግሜ ላየው። አየሁት። አስር ሺህ ይላል። አመስግኜ ልዘጋ ስል በሠንጠረዡ ግርጌ አንዲት ትንሽ ኮከብ አየሁ። ኮከቧ ወደሚቀጥለው ገጽ ትመራለች። ገለጥኩ።

መኪናው በከባድ ሁኔታ የሚሠራ ከሆነ ከላይ ያለው አይሠራም፣ ዘይቱ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል። ከባድ ሁኔታ ምን እንደሆነም ይዘረዝራል። አቧራማ መንገድ። ኃይለኛ ሙቀት። ከልክ ያለፈ ጭነት። በየአጭር ርቀቱ መቆምና መነሣት። ሞተሩ ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ ቆሞ መዋል፤ እኛ ናፍጣ ሰልፍ የምንለው ማለት ነው። ለታክሲ አገልግሎት መዋል። እናንተዬ፣ ያ ሰው ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጦ ቆቦን ነው የጻፈው! የመናኸሪያችን ስም ብቻ ነው የቀረው። ከሥር ደግሞ ለራዲያተር ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ እንዳትጠቀሙ የምትል መስመር አለች።

በስመ አብ አልኩ። አራት ገበያ፣ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር። ፋብሪካው ያለውን አንድ ፊደል ሳያነቡ ሲፈጽሙ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ፋብሪካውን የካድኩት፣ ያውም በፋብሪካው ስም እየማልኩ፣ እኔ ነኝ።

ሄጄ ተናገርኩ ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቁኝም። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ሻይ ቤቱን ሸሸሁ፤ መናኸሪያውን በጓሮ መንገድ ዞርኩ። ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ የምትሠራውን አቁማ፣ «እና ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ጊዜ እጠብቃለሁ አልኳት። «ሰውዬው ሌባ እየተባሉ እኮ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። የፈራሁት ምን እንደሆነ ለእሷም አልነገርኳት። መሳቂያ መሆን ፈርቼ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ሽማግሌው ግን አልጠበቁኝም። «ሌባ ተብዬ አልቀበርም» ብለው ወንድሜ ላይ ሽማግሌ ላኩ። ደም ያደረቁ፣ የገዳይና የተገዳይ ወገን ያስታረቁ ትልልቅ ሰዎች፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም፣ ለሞተር ዘይት ተሰየሙ። የተቀመጥነው እዚያው ግራሩ ሥር ነው። ግማሹ መናኸሪያ መጥቷል። ሽማግሌው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ያለ ዘይት ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «የሞላሁት አዲስ ዘይት ነው። ወላሂ አዲስ ነው። ሌላ ምንም አልልም፤ ስሜን መልሱልኝ» አሉ።

ተነሣሁ። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ሄጄ ነበርና ገለጥኩት። እንግሊዝኛውን አነበብኩ፤ ወደ አማርኛ መለስኩት። ኮከቧን ሳይቀር አሳየኋቸው። «ሰዎች፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዘይቱ አዲስ ነበር፤ ሲሞላ አይቻለሁ። አባባ በአራተኛው ገበያ ይቀየር ነበር ያሉት፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እንባዬም መጣ፤ አላፈርኩበትም።

ከዚያ ሰብሳቢው ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይባረክ!» አሉ። «ይባረክ! እንዲህ ነው የጨዋ ልጅ!» ሰዉም ተቀበላቸው። «ለሽበት ሲል በራሱ ላይ ወሰደው።» «የአባቱን ወዳጅ ላለማዋረድ እኮ ነው።» «ተምሮ እንዲህ ዝቅ ማለት!» ወንድሜ ተነሥቶ አቀፈኝና፣ «ለኔ ብለህ፣ እኔን ለማስታረቅ ብለህ!» እያለ ትከሻዬን ሳመ።

«እውነቴን ነው!» አልኩ። «ይኸው ተጽፏል!»

«ገብቶናል ልጄ፣ ገብቶናል፤ ተቀመጥ» አሉኝ ሰብሳቢው፤ ለጥሩ ተማሪ እንደሚባለው። እኛ አገር እርቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ወግ ነው። የገደለውም ይላል፣ የተገደለበትም ይላል። የኔ እውነት እዚያ ወግ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ከተሰበሰበው ሰው መሀል እውነቴን መሆኑ የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሽማግሌው መካኒክ። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሟቸዋል።

ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ዞሩ። «እንግዲህ ልጁ ይህን ያህል ዝቅ ካለልህ፣ አንተስ? ባንድ ወገን ጥፋት እርቅ አይወርድም። ትንሽም ቢሆን የአንተ ድርሻ የለም?»

ሽማግሌው መሬቱን አዩ። ባዶውን ጉድጓድ አዩ። ሰዉ ይጠብቃል። እምቢ ቢሉ ትዕቢተኛ ሊባሉ ነው፤ የአባቴን ልጆችም ሊያቀያይሙ ነው።

«ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እየደከመ። «አጥፍቻለሁ። አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብለናል!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። ፈጥኖ ምርቃት ወረደ፤ ዱኣም ተደረገ፤ አሚን አሚን ተባለ። ወንድሜ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ሳምኩ። በጆሯቸው «አባባ» አልኳቸው። «አብሽር ቲቸር» አሉኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው። ያኔ ቀና ብዬ፣ የለም፣ ይህ ሰው ምንም አላጠፋም ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። የምነግራችሁ እውነቱን ነው፤ ቀለለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ ብሎ ይራመዳል። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ አንድ ሹፌር ከመኪናው ብቅ ብሎ፣ «እህ፣ ምን ሆነ?» አለው።

«አመነ እኮ! በአፉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው!» አለው ወንድሜ። ዞሮም እኔን፣ «አመነ አይደል?» አለኝ።

ሹፌሩ የእኔን መልስ እየጠበቀ ያየኛል።

«አመነ» አልኩ።